ሰባት ቀን በአርምሞ፦ የጻድቁ ኢዮብ ሕይወትና ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 2 ቀን የጻድቁ ኢዮብን ዕረፍት ታስባለች። የኢዮብ ስም ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ልባችን የሚመጣው ትዕግሥቱ ነው፤ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ ያመሰገነው በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከ42ቱ ምዕራፎች የሀብቱን መጥፋት፣ የልጆቹን ሞትና የሥጋውን ቍስል የሚተርኩት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚበዛውን ስፍራ የያዘው ሊያጽናኑት ከመጡ ወዳጆቹ ጋር ያደረገው ክርክር ነው። ጻድቁ ሀብቱንና ልጆቹን ያጣው በአንድ ቀን ነው፤ ከአጽናኞቹ ንግግር ጋር የታገለው ግን ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ነው።

ይህን ታሪክ ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ጋይንት በዘለቀ ጊዜ ንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን በታጣቂዎች እጅ ነበረች። ዕለታቱ ምእመናን በየአጥቢያው ሱባዔ የሚይዙባቸው የጾመ ፍልሰታ ዕለታት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት በከተማይቱ እናቶችና እኅቶች ላይ ለመናገር የሚከብድ ግፍ ተፈጸመ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ 16 ሴቶች የደረሰባቸውን ተናግረዋል። ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ሕዝብ ከለቅሶ አላረፈም። እንዲህ ያለ መከራ ወደ ደረሰበት ቤት ሊያጽናና የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ከመሄድ ይልቅ ባዶ አፉን መቀመጥ ያሳፍረዋል። አንዳች ነገር መናገር ያለበት ይመስለዋል። እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል ይላል፤ ከዚህ የባሰም አለና አመስግኚ ይላል፤ ለምን ቀድማችሁ አልሸሻችሁም ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። የሚናገረው በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ከየሀገራቸው ተነሥተው የመጡት በፍቅር ነበር።

ኢዮብ የኖረው አውስጢድ በተባለች፣ በሌላው ትርጕም ዖፅ በምትባል ሀገር ነው። በሰባ ሊቃናት ትርጕም መጨረሻ ላይ የሚገኘው ቃል ቀድሞ ስሙ ኢዮባብ እንደ ነበረ፣ ትውልዱም ከዔሳው ወገን ሆኖ ከአብርሃም አምስተኛ እንደ ሆነ ይነግረናል። ከእስራኤል ወገን ሳይሆን፣ የኦሪት ሕግ ሳይሰጠው፣ ቅን፣ ፍጹምና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሆኖ መገኘቱ ለአሕዛብ ሁሉ ክብር ነው። ሀብቱ ብዙ ነበር፦ 7 ሺህ በጎች፣ 3 ሺህ ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎች፣ 500 እንስት አህዮችና እጅግ ብዙ አገልጋዮች። 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆችም ነበሩት።

ልጆቹ ተራ ገብተው በየቤታቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር። የግብዣው ቀን ባለፈ ጊዜ ኢዮብ በማለዳ ይነሣና ስለ እያንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርባል፤ ምናልባት በልባቸው እንኳ በድለው እንደ ሆነ ብሎ ነው። ልጆቹ በእጃቸው ስለሠሩት ብቻ ሳይሆን በልባቸው ሊያስቡ ስለሚችሉት ይጨነቅ የነበረ አባት ነው። ይህን በልባችን እናኑር፤ በኋላ ከወዳጆቹ አንዱ የሚናገረው ቃል ምን ያህል እንደሚወጋ የምንረዳው ይህን ስናስታውስ ነው።

ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ኢዮብን የከሰሰው የኢዮብ ጽድቅ ለጥቅም ነው ብሎ ነው። ሀብቱ ቢነካ፣ ዙሪያውን የከበበው በረከት ቢነሣ አምላኩን ይክዳል ሲል ተከራከረ። እግዚአብሔርም የወዳጁን ልብ ያውቃልና ፈተናውን ፈቀደ። በአንድ ቀን አራት መልእክተኞች እርስ በርስ እየተቀዳደሙ ደረሱ፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይገባ ነበር። በሬዎቹና አህዮቹ ተዘረፉ፤ እሳት ከሰማይ ወርዶ በጎቹን ከእረኞቻቸው ጋር በላ፤ ግመሎቹ ተነዱ። የመጨረሻው መልእክተኛ የልጆቹን ሞት ይዞ መጣ። ዐሥሩም በታላቅ ወንድማቸው ቤት ተሰብስበው ሳሉ ከምድረ በዳ ታላቅ ነፋስ ተነሥቶ የቤቱን አራት ማዕዘን መታ፤ ቤቱም ወደቀባቸው። ስሟን ከነፋስ ያገኘች፣ ነፋስ በማይለያት ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ልጆች ይህን ክፍል ሲሰሙ የነፋሱ ድምፅ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

ኢዮብ ተነሣ፤ ልብሱን ቀደደ፤ ራሱን ተላጨ፤ በምድርም ተደፍቶ ሰገደ። ራቁቱን እንደ ተወለደ ራቁቱን እንደሚመለስ ተናግሮ የሰጠውንና የነሣውን አምላክ ባረከ። ልብሱን የቀደደውና የሰገደው አንዱ ሰው በአንዱ ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል። ኀዘኑ እምነቱን አላስቀረበትም፤ እምነቱም ኀዘኑን አልከለከለውም። ያዘነን ሰው ክርስቲያን አያለቅስም ብለን የምንቆጣ ሰዎች ይህን ማየት ይገባናል።

ቀጥሎ ፈተናው ወደ ሥጋው ደረሰ። ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ ድረስ በክፉ ቍስል ተመታ፤ ገል ይዞ ቍስሉን እየፋቀ ከከተማ ውጭ በአመድና በፍግ ላይ ተቀመጠ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ387 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) በአንጾኪያ ባስተማረው ትምህርት፣ በዘመኑ ብዙ ሰዎች ያን የፍግ ክምር አይተው ምድሩን ለመሳም ከሩቅ ሀገር ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ ምድር ይጓዙ እንደ ነበር ይመሰክራል። የነገሥታት ዙፋን የማያገኘውን ክብር የፍግ ክምር አገኘ።

ስለ ሚስቱ ጥቂት እንናገር፤ ብዙ ሰባክያን በአንድ ቃል ወቅሰው ያልፏታልና። እርሷም እንደ እርሱ ዐሥር ልጆች ቀብራለች። የሰባ ሊቃናት ትርጕም እንደሚነግረን በከንቱ ያማጠቻቸውን ልጆች እያሰበች፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ለሰው በማገልገል ፀሐይ እስክትጠልቅ የምትጠብቅ ምስኪን ሆናለች። በምሬት የተናገረችው ስሕተት ነበር፤ ኢዮብም ገሥጿታል። ነገር ግን ከወዳጆቹ መካከል አንዱ እንኳ ወደ እርሷ ሄዶ አጠገቧ እንደ ተቀመጠ አልተጻፈም። በየለቅሶው ቤት በአንድ ጥግ የምትረሳ እንዲህ ያለች እናት አትጠፋም።

የኢዮብን መከራ ሰምተው ሦስት ወዳጆቹ ከየሀገራቸው ተነሡ፦ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር። በሰባ ሊቃናት ትርጕም ነገሥታትና መሳፍንት ናቸው። ተቀጣጥረው በአንድነት መጡ። ከሩቅ ባዩት ጊዜ አላወቁትም፤ መልኩ ተለውጦ ነበርና። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ በራሳቸው ላይ ትቢያ ነሰነሱ። ከዚያም በምድር ላይ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳቸውም አንዲት ቃል አልተናገሩትም፤ ሕመሙ እጅግ ታላቅ እንደ ሆነ አይተዋልና።

መጽሐፉ የዝምታቸውን ምክንያት ሲናገር፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው አይልም። የሕመሙን ታላቅነት ስላዩ ነው ዝም ያሉት። ዐይናቸው እርሱን እያየ ሳለ አንደበታቸው ታሰረ። ከዙፋን ወርደው ከአመዱ አጠገብ፣ ከቍስሉ ሽታ ሳይሸሹ፣ ሰባት ሌሊት ተቀመጡ። ሀገራችን ይህን ሥርዓት ታውቀዋለች። ለቅሶ ደራሹ ጋቢውን ተከናንቦ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቀመጣሉ፤ ብዙ ሳይባል ረጅም ሰዓት ያልፋል፤ ሲወጣም እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ይወጣል። አባቶቻችን ያቆዩልን ይህ ጥቂት ቃል በብዙ ጥበብ የተመጠነ ነው። ስለ መከራው ምክንያት የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚያጽናናው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ብቻ መስክሮ ያበቃል። ጌታችንም በቢታንያ ለማርታ ስለ ትንሣኤ አስተማራት፤ እኅቷ ማርያም እያለቀሰች በእግሩ ሥር በወደቀች ጊዜ ግን ትምህርቱን አልደገመላትም። አልዓዛር የተቀበረበትን ስፍራ ጠየቀ፤ እንባውንም አፈሰሰ። ሞትን በቃሉ የሚያዝዝ አምላክ ከቃሉ አስቀድሞ እንባውን ሰጠ።

ከሰባቱ ቀን በኋላ አስቀድሞ አፉን የከፈተው ባለ መከራው ነው። የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ ከማኅፀን ሲወጣ ስላልሞተ አዘነ፤ ሞትን እንደ ተሸሸገ ሀብት ስለሚፈልጉ ሰዎች ተናገረ። ለመስማት የሚያስፈራ ቃል ነው። ወዳጆቹ እስከዚህ ድረስ የተመሰገኑ ነበሩ፤ ፈተናቸው የጀመረው በዚህ ሰዓት ነው። ዝም ያለ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል፤ በምሬት የሚናገርን ሰው ሳያርሙ መስማት ግን እጅግ ይከብዳል።

ኤልፋዝ አልቻለም። በትሕትና ቃል ጀመረ፤ ኢዮብ ቀድሞ ሌሎችን ያጸና እንደ ነበር አስታወሰው። ቀጥሎ ግን ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን አለ ብሎ ጠየቀው፤ በሌሊት ራእይ አየሁ ያለውንም ነገረው። ከእርሱ በኋላ በልዳዶስ ተነሥቶ ልጆችህ በድለው እንደ ሆነ ስለ በደላቸው ተቀጡ የሚል አሳብ ተናገረ። በማለዳ እየተነሣ ስለ ዐሥር ልጆቹ መሥዋዕት ያቀርብ ለነበረው አባት ከመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ ይህ ተነገረው። ሶፋር ደግሞ ከዚህ አለፈና እግዚአብሔር ከበደልህ ያነሰውን ነው የከፈለህ አለው። ክርክሩ እየጋለ በሄደ ጊዜ መጀመሪያ ለስላሳ የነበረው ኤልፋዝ የሌለ ኃጢአት መቍጠር ያዘ፤ የድሆችን መያዣ ወሰድህ፣ የታረዙትን ገፈፍህ፣ ለደከመው ውኃ ከለከልህ፣ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደድህ ብሎ ከሰሰው። አንዱንም አላየም። የያዘው ትምህርት እንዲጸና ብቻ ወዳጁን ወንጀለኛ አደረገው።

የሚያስደንቀው፣ ከተናገሩት ብዙው በራሱ እውነት መሆኑ ነው። እግዚአብሔር ጻድቅ ዳኛ ነው፤ ንስሐ ይገባል፤ ሰው በፈጣሪው ፊት ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ይህን ሁሉ በዐውደ ምሕረት ብንሰማው አሜን እንላለን። በቍስለኛው ፊት ሲነገር ግን መድኃኒቱ መርዝ ሆነ። ሌላም ነገር አለ። ሰይጣን ጽድቅና ሀብት አይለያዩም፣ ሀብቱ ከሄደ ጽድቁም ይሄዳል ብሎ ነበር የከሰሰው። ወዳጆቹም ሀብቱ ስለሄደ ጽድቁም አልነበረም አሉት። ሳያውቁት፣ ለእግዚአብሔር የሚከራከሩ እየመሰላቸው፣ የከሳሹን ነገር ደገሙ።

ኢዮብ የዚህን ምንጭ አስተውሎታል። ወዳጆቹን በክረምት ሞልቶ በበጋ ከሚደርቅ ጅረት ጋር አነጻጸራቸው፤ መንገደኞች ውኃ ይገኛል ብለው በተስፋ ይመጣሉ፤ ሲደርሱ አፍረው ይመለሳሉ። የእርሱን መከራ አይተው እንደ ፈሩም ነገራቸው። ነገሩ ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ይመስለናል። እንደ ኢዮብ ያለ ጻድቅ ያለ በደሉ ይህ ከደረሰበት፣ በእነርሱም ላይ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ምክንያት ካገኙለት ግን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የተደፈረችን እኅት በዚያ ሰዓት ለምን ወጣሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው ራሱን ነው፤ የእኔ ልጅ አትወጣምና አይደርስባትም እያለ ነው። ጻድቁም በመጨረሻ ምነው ዝም ባላችሁ፣ ጥበብ ሆኖ በተቈጠረላችሁ የሚል መልእክት ያለው ቃል መለሰላቸው። ከዚህ በፊት ለሰባት ቀን ይህ ጥበብ በእጃቸው ነበር።

ዝምታ ሁሉ ግን አርምሞ አይደለም። ኢዮብ ሌላ ዓይነት ዝምታም ቀምሷል። ዘመዶቹ ራቁት፤ የሚያውቁት ረሱት፤ አገልጋዩን ሲጠራው አልመለሰለትም፤ ሕፃናት እንኳ ናቁት። ይህ የመሸሽ ዝምታ ነው። የተጎዳች እኅት በሰፈር ስታልፍ ሰላምታ መንፈግ፣ ስሟን እያነሡ በስውር መንሾካሾክ፣ ወይም ለቤተሰብ ክብር ሲባል አፍሽን ያዢ ብሎ ወደ ሕክምና፣ ወደ ሕግና ወደ ንስሐ አባቷ እንዳትሄድ ማድረግ ከዚህ ወገን ነው። የወዳጆቹ የሰባት ቀን ዝምታ ኢዮብ አፉን እንዲከፍት ጊዜ ሰጠው፤ የሸሹት ሰዎች ዝምታ ግን የሚናገርለት ሰው አሳጣው። አጠገብ ተቀምጦ፣ ስትናገር የሚሰማ፣ የሰማውን ለሦስተኛ ሰው የማያወጣ፣ ልትሄድ ስትነሣ አብሯት የሚነሣ ሰው የቀደመውን ዝምታ ይዟል። ቤተ ክርስቲያንም የኢዮብን የምሬት ቃል ከቅዱስ መጽሐፍ አላወጣችም፤ ከነሕመሙ ጠብቃ ታነበዋለች።

በክርክሩ መጨረሻ ኢዮብ የቀድሞ ሕይወቱን አስታወሰ። ለዕውር ዐይን፣ ለአንካሳ እግር፣ ለድሆች አባት ነበር። መከራ ስለ ጸናበት ሰው ያለቅስ፣ ስለ ችግረኛ ነፍሱ ታዝን ነበር። ያዘኑትን የሚያጽናና ሰው እንደ ነበረም ተናገረ። እንግዲህ የማጽናናትን ሥራ ከሁሉ ይልቅ ያውቅ የነበረው ሰው ራሱ አጽናኝ ባጣ ጊዜ ነው የምናገኘው። ቀጥሎ በዕድሜ የሚያንሰው ኤሊሁ ሽማግሎቹ እስኪጨርሱ ታግሦ ቆይቶ ብዙ ተናገረ፤ ኢዮብም አልመለሰለትም።

ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ራሱ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ተናገረ። ዐሥር ልጆቹን በነፋስ ያጣ አባት የአምላኩን ድምፅ ከነፋስ ውስጥ ሰማ። እግዚአብሔር ግን ለምን እንደ ተፈተነ አልነገረውም። የሰይጣንን ክስ አልገለጠለትም። ምድርን ሲመሠርት ኢዮብ የት እንደ ነበረ ጠየቀው፤ ስለ ባሕር ደጆች፣ ስለ በረዶ ጎተራ፣ በገደል የሚኖሩ የበረሓ ፍየሎች ስለሚወልዱበት ጊዜ፣ ሰው በሌለበት ምድር ስለሚዘንበው ዝናም ጠየቀው። ወዳጆቹ ሠላሳ ምዕራፍ ያህል የተከራከሩበትን ምክንያት የሚያውቀው አምላክ ሳይናገረው አለፈ። ኢዮብም እጁን በአፉ ላይ አኖረ። ቀድሞ በጆሮ የሰማውን አምላክ አሁን ዐይኑ እንዳየው ተናገረ፤ ይህም በቃው።

የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በምሬት በተናገረው ሳይሆን ስለ እግዚአብሔር በተሟገቱት በሦስቱ ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገርን አልተናገራችሁም ተባሉ፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ሊያጽናኑት የመጡት ሰዎች በጸሎቱ ይቅርታ ፈለጉ። ኢዮብ ልጆችህ በኃጢአታቸው ሞቱ ላለው ለበልዳዶስ ጸለየ። መጽሐፉም እግዚአብሔር ምርኮውን የመለሰለት ስለ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ እንደ ሆነ ይናገራል።

ሀብቱ እጥፍ ሆነ፦ 14 ሺህ በጎች፣ 6 ሺህ ግመሎች፣ ሺህ ጥማድ በሬዎች፣ ሺህ እንስት አህዮች። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው 7 ወንዶችና 3 ሴቶች ናቸው እንጂ 20 አልሆኑም። መተርጕማን ይህን ሲያብራሩ፣ እንስሶቹ ጠፍተው ነበርና እጥፍ ተተኩ፤ የፊተኞቹ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉና ሲደመሩ እጥፍ ናቸው ይላሉ። ኢዮብ እስከ አራት ትውልድ የልጅ ልጆቹን አይቶ፣ ዕድሜ ጠግቦ ዐረፈ። በሰባ ሊቃናት ትርጕም መጨረሻም እግዚአብሔር ከሚያስነሣቸው ጋር እንደሚነሣ ተጽፎለታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ የቈሰለው ገላ ሲጠግግ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ቀድሞ ያውቁት የነበሩትም ሁሉ ወደ ቤቱ መጡ። እነዚያ ሸሽተውት የነበሩት ናቸው። ከእርሱ ጋር በሉ፣ ጠጡ፤ ስለ ደረሰበትም አጽናኑት፤ እያንዳንዳቸውም ስጦታ አመጡለት። የእኛ ሀገር ሰው እዝን ተሸክሞ ወደ ኀዘንተኛ ቤት እንደሚገባ ማለት ነው። የኤልፋዝ፣ የበልዳዶስና የሶፋር ንግግር በብዙ ምዕራፍ ተጽፏል። እነዚህ ዘመዶቹ በማዕዱ ዙሪያ ተቀምጠው ምን እንዳሉት ግን አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈም።

የጻድቁ ኢዮብ በረከት ይደርብን፤ አሜን።